1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ፦ ከባድ የፒያኖ ኤቱድ እንዴት ይጠናል፣ እንዴትስ ለሰው ይሰማል?

ሒሳቡን እንሥራ። የፖላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ የፍሬደሪክ ሾፓን ኦፐስ 10 (ኦፐስ የሥራው መለያ ቁጥር ነው) ቁጥር 2 ኤቱድ 49 ባር ነው። በአንዱ ባር አራት ምት ስላለ በድምሩ 196 ምት ይሆናል። ሾፓን ኖታው አናት ላይ የጻፈው ፍጥነት በደቂቃ 144 ምት ነው። 196ን ለ144 ስናካፍል 1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ሲኒ ቡና ላይ ስኳር ጨምሮ፣ አማስሎ፣ እፍ ብሎ ለመቅመስ የሚበቃ ጊዜ ነው። እኔ ይህችን ሙዚቃ መለማመድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም በደቂቃ 112 ምት ላይ ነኝ።

ይህን ስነግራቸው ሰዎች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። ምኑ ነው እንዲህ የሚከብደው? ከከበደስ ምን አስለፋህ? ለሁለተኛው አጥጋቢ መልስ የለኝም። የመጀመሪያው ግን በደንብ ሊብራራ የሚችል ነገር ነው፤ መልሱም ኖታው ላይ ብቻ ሳይሆን ክንዳችን ውስጥ ጭምር ይገኛል።

ኤቱድ የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ጥናት ማለት ነው። ለአንድ ለተለየ የእጅ ችግር ተብሎ የተጻፈ ሙዚቃ በዚህ ስም ይጠራል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ የተለያየ ነው። በአንዱ ጫፍ ፈረንሳዊው ሃኖን በ1873 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ያሳተማቸው 60 መልመጃዎች አሉ። እነዚህን ሙዚቃ ማለት ይከብዳል። አንድ የጣት ቅርጽ ይዞ አንድ አንድ ቁልፍ እየወጡ መደጋገም ነው። መሀል ላይ የቪየናው ካርል ቼርኒ አለ፤ የቤትሆቨን ተማሪ፣ የሊስት መምህር። ኦፐስ 299 ላይ 40፣ ኦፐስ 740 ላይ 50 ኤቱዶች ጽፏል፤ ፒያኖ በወጉ የተማረ ሰው ከነዚህ ጥቂቶቹን ሳይነካ አያልፍም። በሌላው ጫፍ ሾፓን፣ ሊስት፣ ደቡሲና ራህማኒኖቭ አሉ።

ልዩነቱን በቄስ ትምህርት ቤት ቋንቋ ባስረዳ ይቀለኛል። ሃኖን ፊደል ቆጠራ ነው። ቼርኒ ንባብ ነው። የሾፓን ኤቱድ ዳዊት ነው። ልጅ ንባብ የሚያጠናው በዳዊት ነው፤ ግን ዳዊት ራሱ ጸሎት ነው፤ ማንበብ የቻለ ሰው አይጥለውም፣ ዕድሜ ልኩን ይደግመዋል። ከሾፓን በፊት የነበሩት ኤቱዶች በአመዛኙ ችሎታው ሲገኝ የሚጣሉ መሰላሎች ነበሩ። እሱ ግን መሰላሉንም ፎቁንም አንድ አደረጋቸው።

ኦፐስ 10 በ1833 ሲታተም ሾፓን ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ አንዳንዶቹን የጻፋቸው ደግሞ ፖላንድን ሳይለቅ ነው። 12ቱን ለጓደኛው ለፍራንዝ ሊስት አበረከታቸው። ኦፐስ 25፣ ሌሎች 12፣ በ1837 ወጡ። በ1839 ለአንድ የማስተማሪያ መጽሐፍ ሦስት ጨመረ። በድምሩ 27 ናቸው። እያንዳንዳቸው እጅን አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ኦፐስ 10 ቁጥር 1፦ እጅህን ከተፈጥሮው በላይ ሳትወጥር ሰፊ ርቀት እየዘለልክ መሄድ ትችላለህ? ቁጥር 5፦ ቀኝ እጅህ ከአንዲት ኖታ በቀር በጥቁር ቁልፎች ላይ ብቻ ሲሄድ ሳይንሸራተት ይቀልደዋል? ቁጥር 12፦ የሁልጊዜው አጃቢ ግራ እጅህ እስከ መጨረሻው ግንባር ቀደም ሊሆን ይችላል? ኦፐስ 25 ቁጥር 6፦ ሁለት ሁለት ጣት አጣምረህ እንደ አንድ ጣት ማሮጥ ትችላለህ? ኤቱድ ማጥናት ሲጀመር የመጀመሪያው ሥራ ጣት ማንቀሳቀስ አይደለም። ጥያቄው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስድስት ወር አቃጥያለሁ።

የቁጥር 2 ጥያቄ ምን እንደሆነ ለማየት ፒያኖ አያስፈልግም። መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። መሀል ጣታችሁን አጥፋችሁ ከመዳፋችሁ ሥር አስገቡት። አሁን ሌላው እንዳለ ሆኖ አውራ ጣታችሁን ብቻ አንሱ፤ ይነሳል። ሌባ ጣትን አንሱ፤ ይነሳል። ትንሿን አንሱ፤ ትነሳለች። የቀለበት ጣትን አንሱ።

እንደተቸነከረ ይቀራል። ስንፍና አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ቢሞክረው ያው ነው። ጣትን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ጣት ውስጥ የሉም፤ ክንድ ላይ ናቸው። ከዚያ ሆነው በእጅ አንጓ በኩል በሚያልፉ ረጃጅም ጅማቶች ጣቶችን ይስባሉ። የመሀል፣ የቀለበትና የትንሿ ጣት ጅማቶች ደግሞ ከእጅ ጀርባ ላይ በአጫጭር ማያያዣዎች የተሳሰሩ ናቸው። መሀል ጣት ሲታሰር የቀለበት ጣትንም ይዞት ይቀራል።

ሾፓን ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ሊጽፈው አስቦ ሳይጨርሰው የቀረ የፒያኖ ማስተማሪያ አለ። በዚያ ረቂቅ ላይ አራተኛው ጣት (ከአውራ ጣት ሲቆጠር፣ የቀለበቱ) ከሦስተኛው ከመሀሉ ጋር በአንድ ጅማት የታሰረ መንትያ እንደሆነ፣ ሰዎች በግድ ሊለያዩዋቸው እንደሚለፉ፣ ነገሩ ግን የማይቻል፣ ደግነቱም የማያስፈልግ እንደሆነ ይገልጻል። ሁሉንም ጣት እኩል ለማድረግ የሚደክሙትን መምህራን አይወድም ነበር። እያንዳንዱ ጣት የራሱ ድምፅ አለው ባይ ነው።

ታዲያ ይኸው ሰው ቁጥር 2ን እንዴት ጻፈ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። የቀኝ እጅ ሦስቱ ደካሞች፣ ማለትም መሀል፣ ቀለበትና ትንሿ፣ ነጭና ጥቁር ቁልፍ ሳይዘሉ እየተከተሉ ክሮማቲክ ስኬል ይጫወታሉ፤ ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ደግሞ ሽቅብ። ብርቱዎቹ አውራና ሌባ ጣት ደግሞ በየምቱ መጀመሪያ አጭር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ነካ አድርገው ዝም ይላሉ። በተለምዶው ስኬል የሚጫወት እጅ ጣት ሲያልቅበት አውራ ጣቱን ከሥር ያሳልፋል። እዚህ ግን አውራ ጣት ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ረጅሙ ጣት በአጭሩ ላይ መሻገር አለበት፤ ሦስተኛው በአራተኛው ላይ፣ ሦስተኛው በአምስተኛው ላይ፣ አራተኛው በአምስተኛው ላይ። ሾፓን ይህን ያመጣው ከሰማይ አይደለም። አውራ ጣትን ከሥር ማሳለፍ ከመለመዱ በፊት የጥንት ኦርጋንና ሃርፕሲኮርድ ተጫዋቾች ስኬል የሚጫወቱት እንዲህ ጣት በጣት ላይ እያሻገሩ ነበር። እሱ የተጣለውን አንስቶ በደቂቃ 144 ምት አስሮጠው። በአንድ ምት አራት ኖታ ስላለ በሰከንድ ከዘጠኝ ኖታ ተኩል በላይ ይሆናል። ሰው እንዳይሳሳትም የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ ከሞላ ጎደል በእያንዳንዱ ኖታ ላይ በቁጥር ጻፈ።

(ደቡሲ ከዚህ ተቃራኒውን አድርጓል። በ1915 የጻፋቸውን 12 ኤቱዶች ለሾፓን መታሰቢያ ሲያደርግ አንድም የጣት ቁጥር አልጻፈም። የሰው እጅ ስለሚለያይ እያንዳንዱ የራሱን ይፈልግ ብሎ በመቅድሙ ላይ አስቀመጠ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው እላለሁ።)

እንግዲህ ጥያቄው ጣቶቻችሁ ይበርቱ የሚል አይደለም። ደካሞቹ ጣቶች ሳይጨነቁ እንዲሮጡ የቀረው አካል እንዴት ይሸከማቸዋል ነው። ይህን ያልገባው ተማሪ ጣት በጉልበት ያነሳል። ክንዱ ይጠነክራል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ከክርኑ በታች ይነድደዋል።

እኔን የነደደኝ እንዲያ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያስተምረኝ ሰው «ህመሙን አልፈህ ሂድ፤ ያኔ ይለቅሃል» አለኝ። አለፍኩት። ለሦስት ሳምንት የበር እጀታ ማዞር አቃተኝ። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ፒያኖ ላይ ክንድ ሲያቃጥል ማቆም ነው። ሮበርት ሹማን ታላቅ ፒያኒስት ለመሆን ሲለፋ በሃያዎቹ መጀመሪያ የቀኝ እጁ ተበላሸበት፤ መንስኤው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ፒያኒስትነቱ ግን በዚያው ቀረ። ለእኛ የሙዚቃ ደራሲ ሆኖ ተረፈልን፤ እኔና እናንተ ግን ያ መውጫ ላይኖረን ይችላል።

ከህመሙ ያወጡኝ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቤታቸው ሄጄ ስጫወት ከጎኔ ቆመው አይናገሩም፣ አያርሙም። ድንገት ሁለት ጣታቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ።

«ከማን ጋር ነው የተጣላኸው?» አሉኝ።

«ከማንም ጋሼ።»

«ታዲያ ይህ ክንድ ምን ሆኖ ነው የተገተረው? እስኪ የላይኛዎቹን ብቻ ተጫወት። ሁለቱን ተዋቸው።»

አውራና ሌባ ጣቴን ትቼ ስኬሉን በሦስቱ ብቻ ተጫወትኩ። ቀለለ። «አሁን ሁለቱን ጨምር፤ ግን ቁልፉን አትጫነው። ትኩስ ምጣድ እንደነካ ሰው ነካ አድርገህ አንሳ።» ጨመርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነደኝ ስምንት ባር ሄድኩ። ለካ ችግሩ ሁሉ ብርቱዎቹ ጣቶች ላይ ነበር። ኮርዱን ነክተው መልቀቅ ሲገባቸው ቁልፉን ጨብጠው ይቀራሉ፤ እጁን ባለበት ቦታ ይቸክሉታል፤ ደካሞቹ ከተቸከለ እጅ ሊሸሹ ሲፍጨረጨሩ ይደክማሉ። የእጅ አንጓው ልል ሆኖ ከስኬሉ ጋር ወደ ጎን እየተጓዘ ሲሸከማቸው ግን ጣቶቹ ወደታች መጣል ብቻ ይቀራቸዋል።

ቀጥሎ ያለው ግድግዳ ፍጥነት ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው መንገድ አለ፤ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ ማድረግ፣ ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ 63፣ ከዚያ 66፣ እንዲህ እያሉ መውጣት። እስከተወሰነ ድረስ ይሠራል። እኔ 92 ላይ ስደርስ አራት ወር ቆምኩ። አንድ ምልክት በጨመርኩ ቁጥር ሁሉም ነገር ይናዳል።

ምክንያቱን ለመረዳት ፈረስ ያየ ሰው ይበቃል። ሶምሶማ የሚሄድ ፈረስ ሶምሶማውን እያፈጠነ ግልቢያ ላይ አይደርስም። ግልቢያ ሲጀምር እግሩን የሚያነሳበት ቅደም ተከተል ራሱ ይለወጣል። እጅም እንዲሁ ነው። በዝግታ ስንጫወት እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ እናዝዛለን፤ አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ጣት። በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ማዘዝ ግን አይቻልም። በፍጥነት ሲሆን አራቱም ኖታ በአንድ ትእዛዝ እንደ አንድ ቃል መውጣት አለባቸው። በዝግታ ብቻ የተለማመደ ሰው ፊደል እየቆጠረ ሊሮጥ እንደሚሞክር ነው። የቆሎ ተማሪ ያንኑ መልእክት በግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ ከዚያ በቁም ንባብ የሚያነበው ያለ ነገር አይደለም። ጽሑፉ አንድ ነው፤ የአፉ ሥራ ግን ሦስት ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ወዲያውኑ በሙሉ ፍጥነት መጫወት ነው፤ ግን በጣም ጥቂቱን። አራት ኖታ ትወስዳላችሁ፤ የሚቀጥለውን ምት የመጀመሪያ ኖታ ትጨምራላችሁ፤ አምስት። እነዚህን በ144 ትለቋቸውና አምስተኛው ላይ ትቆማላችሁ። እጅ ይፈታል፣ ትከሻ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ይወጣል። ከዚያ ቀጣዮቹ አምስት። ሲለምድ ዘጠኝ። ከዚያ አንድ ባር። በዚህ መንገድ እጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግልቢያውን ይቀምሳል፤ የሚጨምረው ርቀቱ ብቻ ነው። የዝግታው ልምምድ አይቀርም። ለጆሮና ለማስታወስ ያስፈልጋል፤ ጠዋት ጠዋት በ60 አንድ ጊዜ እጫወተዋለሁ። ግን ወደ 144 የሚወስደኝ እሱ አይደለም።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ማታ አልሆን ያለ ቦታ ጠዋት ሳይለፉበት ይሆናል። የጣት ቅደም ተከተል ትምህርት በእንቅልፍ ጊዜ እንደሚጠነክር በጥናት ታይቷል። ለዚህ ነው እሁድ አምስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ የሚሻለው፤ በመሀል የሚተኛባቸው ሌሊቶች ይበዛሉ። ሾፓን ራሱ ተማሪዎቹን በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይለማመዱ ይመክራል። ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ካይሮ ከኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል፤ እርግጥ ሰዓቱ ለፒያኖና ለቫዮሊን የተከፈለ ነበር። ለሳቸው ሆነላቸው። ሥራ ውሎ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ቤቱ ለሚገባ ሰው ግን የሾፓን ምክር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ሦስቱ ሰዓት ከተገኘ።

ስለ ፒያኖውም ልናገር። የሾፓን ዘመን ፒያኖ፣ በተለይ እሱ የሚወደው ፕሌየል፣ ቁልፉ ቀላል ነበር፤ ሲጫኑትም ብዙ አይወርድም። የዛሬው ትልቅ ፒያኖ ቁልፉ ወደ 10 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ለመውረድም ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ክብደት ይፈልጋል። ስለዚህ 144 የሚለው ቁጥር የተጻፈው ለሌላ መሣሪያ ነው ብሎ ራስን ማጽናናት ይቻላል፤ እኔ አዘውትሬ አደርገዋለሁ። ቤቴ ያለው ዲጂታል ነው። መዶሻ ያለው፣ 88 ቁልፍ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሌሊትም የሚያስጠና። መብራት ሲሄድ ግን ውድ ጠረጴዛ ነው። (ያኔም ቢሆን ድምፅ በሌለው ቁልፍ ላይ መሻገሩን ብቻ መለማመድ አይከፋም፤ ስህተቱን ጆሮ ስለማይሰማው እጅ ይረጋጋል።) 61 ቁልፍና ልል ፕላስቲክ ባለው ኪቦርድ ላይ ግን እነዚህን ኤቱዶች መጀመር አልመክርም። ቦታም ይጎድላል፣ እጅም የሌለ ቅለት ይለምዳል።

አሁን ወደ ማሰማቱ። ብዙ ሰው ኤቱድ የሚቀዳው ሲጨርስ ነው። ይህ ይመስለኛል ትልቁ ስህተት። ኤቱድ አያልቅም። ሊስት 12ቱን ትራንሰንደንታል ኤቱዶች ሦስት ጊዜ ነው የጻፋቸው። በ1826 ገና በልጅነቱ፣ በ1837 ማንም የማይደፍራቸው አድርጎ፣ በ1852 ደግሞ አቅልሎ። ደራሲው ራሱ 26 ዓመት ከፈጀበት እኔ በሁለት ዓመት ለምን እጨርሳለሁ?

ቅጂ የሚጠቅመው ሥራ ላይ እያሉ ነው። እየተጫወትን በደንብ አንሰማም፤ ጆሯችን የሚሰማው መሆን ያለበትን ነው። መጀመሪያ ራሴን የቀዳሁ ቀን እኩል የመሰለኝ ስኬል እንደ ኮሮኮንች መንገድ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። በተለይ አራተኛው ጣት ያረፈባቸው ኖታዎች ሁሉ ጠፍተዋል። ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልነገረኝም፤ ስልኬ በ40 ሰከንድ ነገረኝ።

ግን ስልክም ይዋሻል። ስልክ የተሠራው ለንግግር ነው፤ ድምፅ ሲያንስ ራሱ ከፍ ያደርጋል፣ ሲበዛ ራሱ ይቀንሳል። ለስላሳና ኃይለኛ የተጫወታችሁት አንድ ሆኖ ይወጣል። ይህን ራስ ሰር ማስተካከያ የሚያጠፋ መቅጃ አፕ ካለ በሱ መቅዳት ነው። ስልኩን ፒያኖው ላይ አታስቀምጡ፤ የእንጨቱን መንቀጥቀጥና የፔዳሉን ጓጓታ ይቀዳል። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ በጆሮ ቁመት አስቀምጡት። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ መስቀል ይረዳል። ዲጂታል ፒያኖ ያለው ሰው ደግሞ ከማይክሮፎን ይልቅ በገመድ ቀጥታ ይቅዳ። በቴሌግራም ስትልኩ ቪዲዮውን እንደ ተራ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ ያለበለዚያ ተጨምቆ የፒያኖው ጭራ ድምፅ ይቆረጣል።

የቀዩ ነጥብ ፍርሃት የታወቀ ነው። መቅጃው ሲበራ በሚገባ የምታውቁት ቦታ ይጠፋል። የኔ ዘዴ ሦስት ብቻ ነው፤ በአንድ ቀን ከሦስት ጊዜ በላይ አልቀዳም። ከሦስቱ የተሻለውን፣ ስህተቱ እንዳለ፣ እልካለሁ። ሃያኛው ቅጂ ላይ የደረሰ ሰው ሙዚቃ መጫወት ካቆመ ቆይቷል፤ አደጋ ከመሸሽ ሌላ ሥራ የለውም። ቆራርጦ መቀጠል ለአልበም የሚሠራ ሰው ሙያ ነው፤ አያሳፍርም። ለመማር ተብሎ በሚላክ ቅጂ ላይ ግን ተቆርጦ የወጣው ቦታ መታየት የነበረበት ቦታ ነው።

ስለ መብት ደግሞ የሚያደናግር ነገር ስላለ ላጥራው። አንድ ቅጂ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፦ ድርሰቱ፣ የታተመው ኖታ፣ የተቀዳው ድምፅ። ሾፓን በ1849 ስለሞተ ድርሰቱ የማንም አይደለም። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የደራሲ የኢኮኖሚ መብት የሚቆየው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ በአውሮፓ 70 ነው። በ2006 ያረፈው የሙዚቃ ደራሲ ሊጌቲ የጻፋቸው 18 ኤቱዶች ግን ገና ባለቤት አላቸው። አዲስ የታረመ የሾፓን ኖታ እትም የአሳታሚው ሊሆን ይችላል፤ ፎቶ አንስቶ ማሰራጨት አይገባም። አንድ ፒያኒስት የቀዳው ደግሞ የሱና የአሳታሚው ነው። ፒያኒስቱ ማውሪዚዮ ፖሊኒ በ1972 የቀዳቸውን የሾፓን ኤቱዶች ከቪዲዮአችሁ ሥር ብትለጥፉ የሌላ ሰው መብት መንካት ሊሆን ይችላል፤ ራሳችሁ ተጫውታችሁ ብትለቁ መብታችሁ ነው። ችግሩ የቪዲዮ ማሰራጫዎች መብት የሚፈትሹት በማሽን መሆኑ ነው። ሙዚቃው አንድ ስለሆነ ማሽኑ የናንተን ከታዋቂው ቅጂ ጋር ሊያምታታና ማስጠንቀቂያ ሊልክ ይችላል። አትደንግጡ፤ ድርሰቱ የሕዝብ ነው፣ የተጫወትኩት እኔ ነኝ ብላችሁ ተቃውሞ ማስገባት ይቻላል። እንደ ቁምነገር ካሰባችሁት ምስጋናም ነው።

የሚሰማው ሰውስ? እኛ ዘንድ ሰው ተጫውቶ ሲያሰማ «ጎበዝ፣ በርታ» ማለት ልማድ ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን አይጠቅምም። ስለዚህ ቅጂውን በምልክበት ጊዜ ጥያቄዬን አብሬ እጽፋለሁ፦ «በ104 ነው። ሁለት ዓመቴ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስወርድ ድምፁ ይወፍራል፤ ከየት ነው የሚመጣው?» እንዲህ የተጠየቀ ሰው ጆሮውን አሹሎ ይሰማል። አንዷ ጓደኛዬ ፒያኖ አትጫወትም፤ ዘማሪት ናት። «ትንፋሽ አትወስድም» ብላ ጻፈችልኝ። ፒያኖ ምን ትንፋሽ አለው ብዬ ሳቅሁ። ደግሜ ስሰማው እውነቷን ነው፤ ስኬሉ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ ሾፓን በቅስት ምልክት ያሳየው ሐረግ አለ፤ እኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ እያስሮጥኩት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ በ112 የቀዳሁትን ለጋሼ ላክሁላቸው። ስለ ቀኝ እጄ ምን እንደሚሉ በጉጉት ስጠብቅ የድምፅ መልእክታቸው መጣ። «ቀኙ ይሆናል፤ ጊዜ ስጠው። ግን ልጄ፣ ግራ እጅህን የት ጥለኸው ነው? እሱ እኮ ነው የሚዘፍነው።»

ኖታውን ከፈትኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእርሳስ ያሰመርኩበት፣ ያከበብኩት፣ ቁጥር የጻፍኩበት የላይኛው መስመር ነው። የታችኛው ንጹሕ ነው። ትናንት ማታ ቀኝ እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ግራውን ብቻ፣ 49ኙንም ባር፣ ቀድቼ ላክሁላቸው።